እንዲሁ ዳሞታ ላይ ማደር

ሶዶ ውስጥ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ዳሞታ ተራራ ላይ ቀን ወጥቶ ሳይመሽ መውረድ ለማንም የተፈቀደ ነው። ተማሪው ፈተና ሲጨርስ ይወጣል፤ ሙሽሮች ለፎቶ ይወጣሉ፤ እንግዳ የመጣበት ሰው እንግዳውን ይዞ ይወጣል። ማደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማደር ለጸሎት ብቻ ነው። «ለጸሎት ነው» ያለች ልጅ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ከቤት ስትወጣ አባት ዝም ይላል፣ ጎረቤት «ለኛም ጸልዪልን» ይላል፣ የባጃጁ ሹፌር እንኳ ቀስ ብሎ ይነዳል። ይህን ቃል ያላለች ልጅ ግን እስከ ግቢው በር ድረስም አትደርስም።

የኔ ጠብ ከዚህች ቃል ጋር ነው። ጸሎት አልጠላም፤ እኔም እጸልያለሁ። እምቢ ያልኩት ያልሄድኩበትን ጉዳይ ሄድኩበት ማለትን ነው።

እምቢታ የሚቀለኝ ሰው አይደለሁም። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት ስለማፍር ሌላ ሰው እስኪያስቆም እጠብቅና ወደ ኋላ በእግሬ እመለሳለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ክፍል ፊት ቆሜ ማቅረብ ያለብኝ ቀን ድምፄ እንዲከፈት ውኃ እጠጣ ነበር፤ ውኃው ደግሞ ትን ይለኛል። የተማርኩት ተፈጥሮ ሀብት ነው። ስለ ተፋሰስ፣ ስለ አፈር መሸርሸር፣ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ስላሉ ተራሮች ብዙ አንብቤ ብዙ ተፈትኛለሁ። አሁን ዲምቱ ከተማ እሠራለሁ፤ አርብ አርብ ሶዶ እናቴ ቤት እመጣለሁ። ይህን ሁሉ ተምሬ ተራራ ላይ አንዲት ሌሊት አድሬ አላውቅም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ከምተኛበት ክፍል መስኮት ዳሞታ ይታያል። ሲመሽ ጉም ይውጠዋል፤ ጠዋት ጉሙ ይተፋዋል። በመካከሉ ምን እንደሚሆን የሚነግረኝ የለም። ይኼ ያናድደኝ ነበር።

ሐሳቡ የሦስታችን ነው። አንደኛዋ ጓደኛዬ ነርስ ናት፤ እዚሁ ሶዶ ትሠራለች። ሁለተኛዋ ሃላሌ በምትባል ከተማ ታስተምራለች። በበጋው ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን፣ በእግራችን ተጉዘን፣ ድንኳን ውስጥ ልናድር ተስማማን። ነርሷ ግን ሙያዋ ነውና መጠራጠር ትወዳለች። «መጀመሪያ እዚሁ ደጃችን እንሞክረው። ዳሞታ ላይ አንድ ሌሊት መቋቋም ያልቻለች ባሌ አትሄድም» አለች። በተለይ እኔን እያየች ነበር የተናገረችው። ድንኳኑን አርባ ምንጭ ካለው ወንድሟ ተውሳ አመጣች።

ጠንቃቃ ስለሆንኩ ድንኳኑን ቀድሜ መሞከር ፈለግሁ። ጨለማ ውስጥ፣ በብርድ፣ ዘንጉ የት እንደሚገባ የማታውቅ ልጅ መሆን አልፈለግሁም። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሱቋን ልትከፍት ስትዘጋጅ ግቢያችን ውስጥ ዘረጋሁት። ሰማያዊ ነው፤ ከዶሮ ቤታችን ብዙም አይበልጥም። ዘንጎቹን አስገብቼ፣ ችካሎቹን በድንጋይ መትቼ፣ ገና ቆሜ ሳየው የግቢው በር ተንኳኳ።

ጎረቤታችን ናቸው። አያታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሰፈሩን ከማንም በላይ የሚያውቁ ትልቅ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ማን ነው የኔ ልጅ? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ይግቡ።»

«የአትክልት ሻጯ ‹እነሱ ግቢ ድንኳን ተተክሏል› ስትለኝ ነው የመጣሁ። እናትሽ ደህና ናት?»

እናቴ ጫማዋን በአንድ እግሯ አድርጋ ወጣች። ሁለቱ ሴቶች ቆመው ድንኳኑን አዩት። እኔም እንደ አዲስ አየሁት። በኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ለሁለት ነገር ብቻ እንደሆነ ያኔ ነው የታወሰኝ።

«ካልሞተ ሠርግ ነዋ!» አሉ እትዬ፤ ፊታቸው በራ። «አንቺ ድምፅሽን አጥፍተሽ...»

«ሠርግም አይደለም።»

«ታዲያ ድንኳን ለምን ይተከላል?» ጎንበስ ብለው በትንሿ በር ወደ ውስጥ አዩ። «ለሠርግም ቢሆን ሙሽሪትና ሙሽራው እንጂ ሚዜ አይገባበትም።»

ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም። ጎረቤት ፊት ቢሆንም መዋሸት ሳላስብ፣ እውነቱን ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ዳሞታ ላይ ልናድር ነው አልኩ።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። «ለጸሎት ነው እንጂ!» አሉ፤ መልስ ሳይጠብቁም መርቀውኝ ሄዱ።

እናቴ በሩን ዘጋች። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች፤ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ በሴቶች ኅብረት ውስጥ ታገለግላለች። ደንበኞቿና ምእመናኑ አንድ ናቸው። ያለ አባት ያሳደገችን ሴት ስለሆነች ስለኛ የሚወራ ክፉ ወሬ ኖሮ አያውቅም፤ ይህንንም እንደ ንብረት ነው የምትጠብቀው። ያን ቀን ሱቁን አልከፈተችም።

«የት ነው የምታድሪው አልሽ?»

«ዳሞታ፣ አዬ።» እኛ ቤት እናትን የምንጠራው በወላይትኛ ነው።

«ሴቶች ብቻችሁን?»

«ሦስት ነን።»

«ሦስት ብቻዎች ናችሁ።»

ስለ ጅብ ተናገረች፤ ስለ ብርድ ተናገረች፤ ስለ ወንዶች ተናገረች። ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ፤ ተዘጋጅቼበት ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለደንበኛ የመጨረሻ ዋጋ እንደምትናገር ሆና፣ «እሺ። ለጸሎት ነው በይ» አለችኝ።

«ለጸሎት አይደለም።»

«አውቃለሁ። በይ ብቻ ነው ያልኩሽ። እዚያ ደርሰሽ አንዴ ከጸለይሽ ውሸት አይሆንም።»

«አልልም።»

«ምንሽ ይጎዳል?»

ምኔ እንደሚጎዳ ዛሬ መናገር እችላለሁ። እኔ በሕይወቴ የማደርገው ነገር ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፤ ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለቤተሰብ፣ ለጌታ። ወንድሜ ከቤት ሲወጣ «ወዴት?» ሲባል «እንዲሁ ነው» ይላል፤ በዚያው ያልቃል። እኔ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሌሊት፣ እንዲሁ መውጣት ፈለግሁ። ለጸሎት ነው ካልኩ ሌሊቱ የኔ መሆኑ ይቀራል።

ሳምንቱን ዲምቱ ሆኜ ስልክ ስደውል ጉዳዩን አላነሳችም። አርብ ማታ ስመጣም አላነሳችም። ቅዳሜ ሻንጣዬን ተሸክሜ ስወጣ በር ላይ ቆማ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ፤ የተቀቀለ ጎደሬና በብልቃጥ ያለ ዳጣ ነበር። «ብርድ ላይ ዳጣ ያሞቃል» አለች። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ከከተማው ጫፍ ጀምሮ በእግራችን ወጣን። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከዚያ እንሰትና ድንች፤ ከፍ ሲል ገብስ ይሆናል። መምህርቷ የሃላሌን ዳገት ስለለመደች ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ነርሷ በየማረፊያው የልብ ምቷን ትለካለች። ከላይ የሚወርዱ ሴቶች ገብስ ተሸክመው እያለፉ ሻንጣችንን ያያሉ። «ለጸሎት?» ይላሉ። ሁለቱ ጓደኞቼ ፈገግ ይላሉ፤ ሴቶቹ ያልፋሉ። ፈገግታው ምን ማለት እንደሆነ እንደፈለጉ ይተርጉሙት ነው። እኔ ግን ለእያንዳንዷ «አይደለም» እላለሁ። ድምፄ አጠገቤ ላለችው እንኳ አይሰማም፤ ግን እላለሁ።

«አንቺ ደግሞ!» አለች ነርሷ። «ሰው ሰላም ሲልሽ ቃለ ጉባኤ ይመስል ታርሚያለሽ።»

አናቱ ላይ ልንደርስ ስንል አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው አስቆመን። የቀበሌው ሚሊሻ ነው፤ ዱላ ይዟል። በወላይትኛ ነው የተነጋገርነው።

«ልጆች፣ መሽቷል። ወዴት ነው?»

«እዚሁ ነው የምናድረው» አለች መምህርቷ።

«ለጸሎት ነው?»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። መምህርቷ በክርኗ ጎሸም አድርጋ በአማርኛ «በይው ባክሽ፣ እግሬ አልቋል» አለችኝ። ሰውየው ‹አይቻልም› ካለ በጨለማ ያን ሁሉ ዳገት መመለስ ነው፤ ባሌም ቀረ ማለት ነው። አንዴ ካልኩት ግን እዚያም ጠዋትም ስወርድም ደጋግሜ ማለት ሊኖርብኝ ነው።

«አይደለም» አልኩ።

«ጥናት ነው?»

«አይደለም።»

«ከመንግሥት ነው? ቦታ ልትለኩ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጮ ነው» አልኩት። በወላይትኛ «እንዲሁ» ማለት ነው። ቃሏ «በከንቱ» የሚልም ትሆናለች፤ «በነጻ» የሚልም ትሆናለች። የትኛውን እንደሰማ አላውቅም፤ ለኔ ሁሉም ልክ ነበር።

ሰውየው ዱላውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ጮ የሚያድር የለም። ከብት እንኳ ጮ አያድርም፤ ሣር ይበላል።»

ነርሷ ሳቀች። ሰውየውም ሳቀ፤ ሊስቅ ግን አልፈለገም ነበር። «እሺ፣ ከኔ አጥር ሥር ትከሉ» አለ። «ሜዳው ላይ ብታድሩና ጅብ ቢነካችሁ ምን ብዬ ነው የማመለክተው? ‹ጮ ሞቱ› ልበል?»

ከአጥሩ ሥር ተከልን። ዘንጎቹን አስገብቼ ችካሎቹን የመታሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ቦታውን ያውቅ ነበር። ጎደሬውን በዳጣ በላን፤ ዓይናችን አለቀሰ፣ ጆሯችን ሞቀ። ከኛ ወዲያ ባለው ጫፍ በእውነት ለጸሎት የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ድምፃቸው ከነፋሱ ጋር ይመጣል ይሄዳል። እነሱን ሰምቼ አላፈርኩም። ተራራው ሰፊ ነው፤ የነሱን ቦታ አልወሰድኩም።

ብርዱን ላሳምረው አልፈልግም። ሦስታችን እንደ ማገዶ ተጣብቀን ተኛን፤ መሐል የተኛችው ብቻ ነች ያንቀላፋችው፤ እሷ ደግሞ እኔ አልነበርኩም። ሊነጋ ሲል ዚፑን ከፍቼ ወጣሁ። የሣሩ ጤዛ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ጉሙ ከኔ በታች ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ ከሥር ሆኜ ያየሁትን ጉም ከላይ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ሶዶ ከሥሩ የለችም። ቆይቶ ቆርቆሮ ጣሪያዎቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ፤ ከሩቅ ደግሞ አባያ ሐይቅ እንደ ብረት ስንጣሪ አበራ። የተነገረኝ ነገር አልነበረም። ያመጣሁት ጥያቄም አልነበረም። ቆሜ አየሁ፤ እግሬ እስኪደነዝዝ ድረስ አየሁ፤ በቃ።

ቀጥሎ ባለው ሳምንት ዲምቱ ሆኜ ስልኬ ላይ እንግዳ ነገር ታየኝ። የእናቴ ጓደኞች መደወል ጀመሩ። አንዷ የልጇን የቪዛ ጉዳይ ነገረችኝ፤ ሌላዋ ስለ ወገቧ። «አንቺን ጌታ ይሰማሻል» ይሉኛል። የማላውቀው አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ግን ስልክ ላይ ሰው ማቋረጥ አልችልበትምና እሺ፣ እሺ እያልኩ ዘጋሁ።

እሁድ ገባኝ። መዝሙር አልቆ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ፕሮግራም መሪው መድረኩ ላይ ቆሞ ፊቱ እየበራ፣ «በመካከላችን ዳሞታ ላይ ከጌታ ጋር ያደረች እህት አለች። ወጣቶቻችን በስልክ ሲያድሩ እሷ ተራራ ወጥታ አደረች። ትምጣና የተናገራትን ታካፍለን!» አለ።

ወደ እናቴ ዞርኩ። ከሴቶቹ ጋር ከፊት ተቀምጣ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አላየችኝም። ያን ጊዜ ጎደሬውና ዳጣው ምን እንደነበር ተረዳሁ። እኔ አልልም ስል እሷ «ለጸሎት ነው» ብላልኝ ነበር።

ከመቀመጫዬ እስከ መድረኩ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ማይኩ ከጠበቅሁት በላይ ይከብዳል። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ለምስክርነት የሚሆን ለስለስ ያለ ዜማ ከሥር ጀመረ።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን» አልኩ።

«አሜን!»

«ዳሞታ ላይ አድሬያለሁ።»

«ሃሌ ሉያ!»

«ለጸሎት ግን አልነበረም።»

«አሜን!» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ በልማድ። ኪቦርዱ ሁለት ድምፅ ብቻውን ቀጥሎ ቆመ።

ፕሮግራም መሪው ሊረዳኝ ፈለገ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወደ ማይኩ ጠጋ ብሎ፣ «እህታችን ትሕትና ይዟት ነው። ተራራው ላይ ግን መጸለይሽ አልቀረም አይደል?» አለ።

«ከመብላታችን በፊት ጸልየናል። ቤትም እንጸልያለን።»

ወጣቶቹ የተቀመጡበት በኩል ሳቅ አመለጠ። መሪው አልሳቀም። «እንግዲያው ምን ልታደርጊ ወጣሽ?»

ማይኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ድምፄ ነበረ። በሕይወቴ እንዲህ ጮኾ ሰምቼው አላውቅም፤ ከግድግዳው እየተመለሰ ይመጣል።

«ላየው ነው የወጣሁት» አልኩ። «ሌላ ምክንያት የለኝም። ተራራን ለማየት ማደር ኃጢአት ከሆነ ንገሩኝ። ካልሆነ ግን ያላደረግሁትን በጌታ ስም አደረግሁ ማለት ይበልጥ ያስፈራኛል። ጸልዪልን ያላችሁኝ እናቶች ዛሬ እጸልያለሁ፤ ተራራ ላይ ግን ስለ እናንተ አላሰብኩም ነበር። ጉሙን ነበር የማየው።»

አሜን ያለ የለም። ማይኩን መለስኩና ወርጄ ቦታዬ ተቀመጥኩ። መዘምራኑ በጥድፊያ ተነሱ፤ ገና ተራቸው አልነበረም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቴ ከፊት ከፊት ሄደች። ሴቶቹ ሰላም ሊሏት ሲቆሙ አልቆመችም። ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ግቢ ስንገባ ቦርሳዋን የዶሮ ቤቱ ላይ አስቀመጠች።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ እል ነበር። ላላጠፋሁት ነገር ሁሉ ይቅርታ ስል ነው ያደግሁት። «አዬ፣ እኔ ለማንም አልነገርኩም» አልኳት። «አንቺ ነሽ የነገርሽው። እኔ ከመሄዴ በፊትም አይደለም ብያለሁ፤ ስሄድም አይደለም ብያለሁ።»

«ምን ልበላቸው ታዲያ? ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«የሆነውን።»

«‹እንዲሁ ሄደች› ልበል? ሴት ልጄ እንዲሁ ጫካ አደረች?»

«አዎ።»

አየችኝ። ተቆጥታለች፤ ቁጣዋ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልለመንኳትም። አንዳንድ ደንበኞቿ ለጥቂት ጊዜ ከሌላ ሱቅ ገዙ፤ ይህን እኔ ላይ ታሳብባለች፤ እኔ አልቀበልም። እወዳታለሁ። ግን ያላደረግሁትን ለብሼ በሰፈሩ ውስጥ አልዞርም፤ ምንም ያህል የሚያምር ጨርቅ ቢሆን።

የባሌ ቀን ሲቆረጥ መጀመሪያ የነገርኩት ለሷ ነው። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ነበር፤ ሜትሩን አላስቀመጠችም።

«ስንት ሌሊት ነው?»

«ሦስት።»

«ብሔራዊ ፓርክ ነው አልሽ። ለሥራሽ ነው ማለት ይቻላል።»

«ለሥራዬ አይደለም።»

ጨርቁን ቀደደችው፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። አጠፈችው።

«አንቺ ለሰው ምን እንደምትይ አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። «ማይክ ከሰጡኝ ግን የሆነውን ነው የምናገረው።»

«አትጨነቂ» አለች እናቴ፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ እየጣለች። «ሶዶ ውስጥ ለአንቺ ማይክ የሚሰጥ ሰው የለም ከእንግዲህ።»